ነጎድጓድ የሚያስፈራው ውሻ፦ በበጋ የሚጀመር ዝግጅት እና የዶፉ ዕለት አያያዝ

ሰኔ ሲገባ ስልኬ የሚጠራው በአንድ ጥያቄ ነው። «ውሻችን ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ አጥር ይቧጥጣል፤ ምን እናድርገው?» ይሉኛል። ዘመድ ይደውላል፣ ጎረቤት ይደውላል፣ ቀጥሎ የጎረቤት ዘመድ ይደውላል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ የምነግረውን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች ግቢ ውስጥ ለሚኖር ውሻ የተዘጋጀ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያሳድጉም አብዛኛውን ይጠቀሙበታል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ከብዙ ዓመታት በፊት የመጀመሪያው ውሻዬ ቦቢ አጥር ሥር በሰንሰለት ታስሮ ሳለ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። እኛ ቤት ውስጥ ነበርን፤ የቆርቆሮው ጩኸት ሁሉን ስለዋጠው የእሱን ድምፅ አልሰማንም። ዝናቡ ጋብ ሲል ብንወጣ ሰንሰለቱ በአጥሩ ላይ ተወጥሯል። ቦቢ በወዲያኛው በኩል ተንጠልጥሎ መሬት የሚነካው በኋላ እግሮቹ ጥፍር ብቻ ነበር። የጎረቤታችን ዘበኛ ሮጠው መጥተው ከታች ደግፈው ባይዙት ኖሮ በሰንሰለቱ ታንቆ ይሞት ነበር። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካለዎት ተራ ቁጥር 3ን ይሥሩ።

መፍራቱን በምን ያውቃሉ?

መንቀጥቀጥና መደበቅ ለሁሉም ሰው ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውላቸው ግን ቀደም ብለው የሚመጡት ምልክቶች ናቸው፤ ሳይደክመው ደጋግሞ ማዛጋት፣ ሳይበላ ከንፈሩን መላስ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ መለጠፍ፣ ጭራውን በእግሮቹ መካከል መክተት፣ ሳይሞቀው ማለክለክ፣ ከእርስዎ እግር ሥር አለመለየት። በዚህ ደረጃ ላይ የተያዘ ውሻ ቶሎ ይረጋጋል። ምራቁ መዝረብረብ፣ ሽንቱ ማምለጥ፣ በር መቧጠጥና አጥር መዝለል ከጀመረ ግን ፍርሃቱ ከእሱ አቅም በላይ ሆኗል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ማስተማር አይቻልም፤ የሚቻለው ከጉዳት መጠበቅ ብቻ ነው። የማለማመዱ ሥራ በበጋ፣ የመጠበቁ ሥራ በክረምት የሆነው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የለመደው ምንጣፍ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ፤ ከላዩ እርስዎ የለበሱት ያልታጠበ ሹራብ ወይም ጋቢ። ጠረንዎ ያለበት ጨርቅ ከአዲስ ፍራሽ ይበልጣል።
- በብርድ ልብስ ሊሸፈን የሚችል ጠረጴዛ ወይም ውሻው ገብቶ የሚዞርበት ትልቅ ካርቶን።
- በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ወይም ድምፅ አስቀድሞ የተጫነበትና ቻርጅ የሞላ ስልክ። ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሶኬት ላይ ብቻ አይተማመኑ።
- በጣት ጥፍር መጠን የተቆራረጠ ጉበት ወይም ሥጋ፣ በውኃ ብቻ የተቀቀለ።
- የማይገለበጥ ከባድ የውኃ ሳህን።
- ሁለት ጣት የሚያስገባ የአንገት ማሰሪያ እና መያዣ ገመድ።
- አሮጌ ነጠላ ወይም ለስላሳ ሰፊ ጨርቅ።
- ለውጭ ማደሪያው አራት ብሎኬት፣ ጣውላ፣ ደረቅ ጭድ።
- የክትባት ካርዱ እና ፊቱም ቁመናውም የሚታይበት ፎቶግራፍ በስልክዎ ላይ።

ስለ ምግቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከወጥ ላይ የተነሣ ሥጋ አይስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የሰኔ ጾምና ፍልሰታ ሁለቱም ክረምት ላይ ስለሚውሉ ብዙ ሥጋ ቤቶች በሚያስፈልግዎ ጊዜ ይዘጋሉ። እኔ ከጾሙ በፊት ቀይ ሥጋ ቀቅዬ፣ በቀጭኑ ቆራርጬ፣ ጨውም በርበሬም ሳልነካው ምጣድ ላይ በለዘበ እሳት አደርቀውና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠዋለሁ። ይህ ካልተመቸዎት የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ካሮት ለሚወድ ውሻ በቂ ነው።

በበጋ የሚሠራው

1. መሸሸጊያውን ይምረጡ።

ውሻው ሲፈራ ራሱ የሚሄድበትን ቦታ ልብ ይበሉ፤ አልጋ ሥር ነው? ዕቃ ቤት ነው? ከማድ ቤት ምድጃ ጀርባ ነው? ያንኑ ቦታ ያመቻቹለት። እርስዎ የወደዱትን ሌላ ክፍል ቢያስውቡለት በጭንቅ ሰዓት አይገባበትም። ጥሩ መሸሸጊያ መስኮቱ ጥቂት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ጣሪያው ኮርኒስ አለው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በረዶ ሲወርድ ከውጭው የባሰ ይጮኻል። ቦታውን አሁን፣ ሰማዩ ጥሩ በሆነበት ወቅት ያስለምዱት፤ ምግቡን እዚያ ይስጡት፣ ቀን ቀን እዚያ ይተኛ። በዝናብ ቀን ብቻ የሚገባበት ክፍል ራሱ የመጥፎ ነገር ምልክት ይሆንበታል።

በሩን አይቆልፉበት። ተዘግቶበት የተጨነቀ ውሻ መውጫ ፍለጋ በሩን ሲነክስና ሲቧጥጥ ጥርሱን ይሰብራል፣ ጥፍሩን ይነቅላል።

ውሻ ቤት ማስገባት የማይፈልጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ጎረቤታችን እማማ «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ውሻ ቤት ላስገባ?» ብለውኛል። «እማማ፣ ሳሎን አይግባ፤ ማድ ቤቱ ይበቃዋል» አልኳቸው፤ ይኸው ማድ ቤት ከገባ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ዕቃ ቤት፣ ጋራዥ፣ የዘበኛ ክፍልም ይሆናል። ዋናው ነገር ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ ሰው የሚደርስበት ቦታ መሆኑ ነው። «ታዲያ ግቢውን ማን ይጠብቃል?» ለሚሉኝም መልሴ አንድ ነው፤ በነጎድጓድ የደነገጠ ውሻ ግቢ አይጠብቅም፤ የሚያስበው ማምለጥ ብቻ ነው።

2. የውጭ ማደሪያውን ያስተካክሉ።

ውሻው በሌላ ጊዜ ውጭ የሚያድር ከሆነ ማደሪያው ብዙውን ጊዜ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ የዝናቡን ድምፅ አጉልቶ ጆሮው ላይ ይደበድበዋል። ከውስጥ ጣውላ ይምቱበት፤ በጣውላውና በቆርቆሮው መካከል ጭድ ይጠቅጥቁ፤ ድምፁ በጣም ይቀንሳል። ወለሉን በብሎኬት ከመሬት ከፍ ያድርጉ፤ ጎርፍ የገባበት ማደሪያ ውሻውን በዶፍ መካከል ያስወጣዋል። መግቢያውን ነፋስና ወጨፎ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ ያዙሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ማደሪያው ከረጅም ባሕር ዛፍ ሥር ወይም ከብረት አጥር ጋር ተጣብቆ ከሆነ ያንሱት። መብረቅ ረጅም ነገር ላይ ይወርዳል፤ ከዛፉ ወደ አጠገቡ ያለ እንስሳ ይዘልላል፤ በሽቦና በብረት አጥርም ተጉዞ ይመታል። በደንብ የተሠራ የውሻ ቤት ድምፅና ዝናብ ይቀንሳል እንጂ ከመብረቅ አይከላከልም። ነጎድጓድ ሲኖር ቦታው ቤት ውስጥ ነው።

3. ሰንሰለቱን ያስቀሩ፤ አጥሩን ይጠግኑ።

ታስሮ የሚውል ውሻ ሲደነግጥ ሦስት ነገር ይደርስበታል፤ ሰንሰለቱ እግሩ ላይ ይጠመጠማል፣ አጥር ዘልሎ ይንጠለጠላል፣ ወይም የአንገት ማሰሪያውን በጥሶ ይጠፋል። ሰንሰለቱም ብረት ስለሆነ መብረቅ ያስተላልፋል። ስለዚህ የዝናብ ወራት ከመግባቱ በፊት ግቢው ራሱ ውሻውን የሚይዝ መሆን አለበት።

በአጥሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ በዝግታ ይዙሩ። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ጭንቅላቱ ከገባ አካሉም ይገባል ብለው ያስቡ። ብዙ ሰው የሚረሳው የጎርፍ መውጫውን ቀዳዳ ነው። ውሻ ሲሸሽ ዝቅ ብሎ ጨለማ ስለሚፈልግ በዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል፤ በኃይለኛ ጎርፍ ጊዜ ደግሞ እዚያው ተቀርቅሮ ሊሰጥም ይችላል። ውኃ የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ያስበይዱለት። አጥር ሥር የተከመረ እንጨት፣ በርሜል፣ የተረፈ ብሎኬት መወጣጫ ስለሚሆን ያርቁት። ቤት የሚሠሩ ጎረቤቶች ካሉ በእነሱ በኩል ያለውንም የአሸዋ ክምር ያስተውሉ።

በሆነ ምክንያት ለአጭር ጊዜም ቢሆን ማሰር ግድ ከሆነ ገመዱ ወደ አጥሩ እንዳይደርስ አድርገው ይሰሩ፤ ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ግን ይፍቱ። ይህን ለቤት ሠራተኛዋም ለዘበኛውም አሳይተው ያስረዱ፤ ዝናቡ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እርስዎ ሥራ ላይ ሳሉ ነው።

4. ቢጠፋ የሚታወቅበትን ያዘጋጁ።

በአንገት ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥርዎን ያስቀርጹ ወይም በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ያሳድሱ። በነጎድጓድ ሸሽቶ የሄደ ውሻ ከማያውቃቸው የመንገድ ውሾች ጋር ስለሚጋጭ ክትባቱ ለክረምት ዝግጅት ራሱን የቻለ ክፍል ነው።

5. ከድምፁ ጋር ያለማምዱት።

ረጅሙ ሥራ ይኸ ነው፤ ለውጥ የሚያመጣውም ይኸው ነው። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ይጀምሩ። በክረምት አይጀምሩ፤ በሳምንታት ቀስ ብለው የገነቡትን አንድ እውነተኛ መብረቅ በአንድ ከሰዓት ያፈርሰዋል። የበልግ ዝናብም ነጎድጓድ ይዞ ስለሚመጣ ያለዎት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው።

ሀ. የነጎድጓድና የዝናብ ድምፅ ስልክዎ ላይ ይጫኑ። ጥሩ ድምፅ ማጉያ ካለ ከእሱ ጋር ያገናኙ፤ የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የነጎድጓዱን ጎርናና ክፍል አያወጣውም።

ለ. እርስዎ ራስዎ ጆሮ ሰጥተው ካልሆነ በማይሰሙት መጠን ይክፈቱ። ውሻው ጆሮውን ቀና አድርጎ ወዲያው ከተወው መጠኑ ትክክል ነው። ከተነሣ፣ ካዛጋ፣ ከንፈሩን ከላሰ በዝቷል፤ ይቀንሱ።

ሐ. ድምፁ ከተከፈተ በኋላ ጉበቱን አንድ በአንድ ይስጡ። ድምፁ ሲቆም መስጠቱም ይቁም። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። ድምፁ ቀድሞ ምግቡ ከተከተለ ውሻው «ይህ ድምፅ የጥሩ ነገር ምልክት ነው» ብሎ ይማራል። ምግቡ ከቀደመ ግን «ጉበት ከመጣ አስፈሪ ነገር ይከተላል» ብሎ ይማርና ጉበቱንም ይጠረጥራል።

መ. ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። እኔ ሦስት ተከታታይ ቀን ዘና ብሎ ካልበላ ድምፁን ከፍ አላደርግም። መብላት ካቆመ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱ፤ ምግብ እምቢ ማለቱ ጥሩ የፍርሃት መለኪያ ነው።

ሠ. ድምፁን ሲለምድ ቦታውን ይለውጡ፤ ከዚያ ጣሪያውን ይጨምሩ። አንድ ሰው ከውጭ በውኃ ጎማ ቆርቆሮው ላይ ቀስ ብሎ ያርከፍክፍ፤ ሌላ ቀን ጥቂት ጠጠር ይበትን። እርስዎ ውስጥ ሆነው ጉበቱን ይስጡ። አንዳንድ የከተማችን ውሾች ከነጎድጓዱ ይልቅ የሚፈሩት የበረዶውን የጣሪያ ድብደባ ስለሆነ ይህ ክፍል እንዳይዘለል።

ረ. ብልጭታውን ለብቻው ያለማምዱ። ማታ ክፍሉን አደብዝዘው የእጅ ባትሪ ግድግዳ ላይ ለቅጽበት ያብሩና ይመግቡት። ብርሃኑን ወደ ዓይኑ አይወርውሩ።

የተቀረጸ ድምፅ እውነተኛ ነጎድጓድ ቤት የሚያንቀጠቅጠውን ያህል አይሆንም። በልምምዱ ግሩም የነበረ ውሻ በሰኔ የመጀመሪያ መብረቅ ቢደነግጥ ሥራው ከንቱ ሆኗል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለውጥ ከድንጋጤው ቶሎ መመለሱ ነው።

ቡችላ ካለዎት ዕድለኛ ነዎት። ከ3 ሳምንት እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜ የሚሰማውን ነገር እንደ ተራ ነገር ይቀበለዋል፤ ሲጫወትና ሲበላ ዝቅ ባለ ድምፅ ያሰሙት።

6. ከባድ ፍርሃት ላለበት የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

ራሱን የሚያቆስል፣ ዝናቡ ካቆመ ከሰዓታት በኋላም የማይበላ፣ ወይም በየጊዜው የሚያመልጥ ውሻ ልምምድ ብቻውን አይበቃውም። ሐኪም የሚያዝዛቸው የጭንቀት መድኃኒቶች አሉ። ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከነጎድጓዱ ስንት ሰዓት በፊት መሰጠት እንዳለበት፤ ውሻው አንዴ ከተጨነቀ በኋላ የተሰጠ መድኃኒት ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ፍርሃቱን የሚቀንስ ነው ወይስ ሰውነቱን ብቻ የሚያዝል? አሴፕሮማዚን የሚባለው ማደንዘዣ ብቻውን ሲሰጥ ውሻው ተኝቶ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደፈራ ነው፤ ድምፅም ይበልጥ ሊያስደነግጠው ይችላል። የታዘዘውን ሰማዩ ጥሩ በሆነ ቀን አንድ ጊዜ ሞክረው ውጤቱን ይዩ።

ዕድሜው የገፋና ድሮ የማይፈራ ውሻ በድንገት ድምፅ መፍራት ከጀመረ መገጣጠሚያውንና ጆሮውን ያስመርምሩ። የሚያመው ውሻ ሲደነግጥ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሕመሙ ይብስበታል፤ ድምፁንና ሕመሙን ያያይዛቸዋል።

የዝናቡ ዕለት

7. ሰማዩን አይተው ቀድመው ያስገቡ።

በደጋው አገር የክረምት ነጎድጓድ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሽርሽሩ ጠዋት ይሁን፤ ዋናው ምግብም እስከ እኩለ ቀን ይሰጠው። ደመናው ሲጠቁር ሽንቱን ያሸኑትና ያስገቡት። ውሻው እርስዎ ከመስማትዎ በፊት የሩቁን ጉርምርምታ ይሰማል፤ ያለ ምክንያት እግርዎ ሥር መመላለስ ከጀመረ እሱን ይመኑት።

ርቀቱን በዚህ ይገምቱ፦ ብልጭ ካለበት ቅጽበት ድምፁ እስኪሰማ ሰከንዶቹን ይቁጠሩና ለ3 ያካፍሉ፤ ውጤቱ በኪሎ ሜትር ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት ነው። 15 ቢቆጥሩ መብረቁ 5 ኪሎ ሜትር ላይ አለ። 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለእርስዎም ለውሻውም ውጭ መሆን አደገኛ ነው። ማስገባቱ ቀደም ብሎ የሚያስፈልገው ለዚህ ጭምር ነው፤ መብረቅ ራስዎ ላይ እየጮኸ ውሻ ለመፍታት ሜዳ ላይ መሮጥ ሁለታችሁንም ያስመታል።

8. ክፍሉን ያደላድሉ።

መስኮት ይዝጉ፣ መጋረጃ ይሳቡ፣ መብራት ያብሩ። በበራ ክፍል ውስጥ የመብረቁ ብልጭታ ጎልቶ አይታይም። ሬዲዮውን በመደበኛ መጠን ይክፈቱ፤ የሰው ንግግር ያለማቋረጥ ሲሰማ የነጎድጓዱ ድንገተኛነት ይቀንሳል። ነጎድጓዱን ለመሸፈን ብለው እስከ ጥግ ከከፈቱት ግን ሁለተኛ ጩኸት ጨመሩበት። ቴሌቪዥንና ሌሎች ዕቃዎችን ከሶኬት ይንቀሉ። ውኃውን አጠገቡ ያስቀምጡ፤ የሚያለከልክ ውሻ ይጠማል። በዚህ ሰዓት ውሻ አይጠቡ፤ መብረቅ በውኃ ቧንቧ በኩል ሊመጣ ይችላል።

9. አብረውት ይሁኑ፤ አያስገድዱት።

«ካባበልኩት ፍርሃቱን አበረታታበታለሁ» የሚለውን እሰማለሁ። ትክክል አይደለም። ፍርሃት ስሜት እንጂ ውሻው ለሽልማት ብሎ የሚሠራው ነገር አይደለም፤ በማጽናናት አይጨምርም። ወደ እርስዎ ከመጣ በለዘበ ድምፅ ያናግሩት፤ ከአንገቱ እስከ ወገቡ በረጅሙና በዝግታ ይዳብሱት። እየበላ ከሆነ ብልጭ ባለ ቁጥር አንድ ቁራሽ ይጣሉለት። የእርስዎም መረጋጋት ያስፈልጋል፤ እየጮኹ ወዲያና ወዲህ ካሉ እሱም ያየዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ አልጋ ሥር የገባን ውሻ በአንገት ማሰሪያው ይዘው አይጎትቱ። የዋሁ ውሻ እንኳን መሸሻ ሲያጣ ይነክሳል። ሕፃናት በዚያ ሰዓት እንዳያቅፉት፣ ፊታቸውንም እንዳያስጠጉ ይንገሯቸው። ድንገት ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም ይሂዱ።

10. የነጠላ መጠቅለያ ይሞክሩ።

ደረት ላይ የሚያርፍ ልከኛ ጫና አንዳንድ ውሾችን ያረጋጋል፤ አንዳንዱን ምንም አይለውጠውም። የነጠላውን መካከል ደረቱ ላይ ያድርጉ፤ ሁለቱን ጫፍ በትከሻው ላይ አሳልፈው ጀርባው ላይ ያጣምሩ፤ በሆዱ ሥር አዙረው ጎኑ ላይ ይቋጩ። ቋጠሮው አከርካሪው ላይ አይሁን። ሁለት ጣት በቀላሉ መግባት አለበት፤ ትንፋሹን ካስጨነቀው ጠብቋል። መጀመሪያ በጸጥታ ቀን ከምግብ ጋር ያስለምዱት። ሲታሰርለት እንደ ሐውልት ደርቆ የሚቆም ከሆነ ተረጋግቶ አይደለም፤ ፈርቶ ነውና ይፍቱለት። ጠቅልለው ብቻውን አይተዉት።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ

11. ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም መብረቅ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ በገመድ ይዘው ያውጡት። መጀመሪያ በሩን፣ አጥሩንና የጎርፍ መውጫውን ይዩ። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ወደዚያ አቅጣጫ ራስዎም አይሂዱ፤ እርጥብ መሬት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከረጠበ በፎጣ ያድርቁት፤ የማደሪያውን ጭድ ይለውጡ።

12. ካመለጠ አያሯሩጡት። የደነገጠ ውሻ ባለቤቱም ሲሮጥበት ይሸሻል። ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም፤ የቆመ መኪና ሥር፣ ቦይ፣ በግንባታ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ይደበቃል። ሲያዩት ጎንዎን ሰጥተው ቁጭ ይበሉ፤ በተለመደው ድምፅ ስሙን ይጥሩ፤ ምግብ ይወርውሩ። የሠፈሩን ዘበኞች፣ ባለ ሱቁን፣ ጉልት የሚሸጡትን እናቶች ፎቶግራፉን ያሳዩ፤ መንገዱን ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እነሱ ናቸው። የለበሱትን ሹራብ በሩ አጠገብ ይተዉ። ሲመለስ አይቆጡት፤ የተቆጡት በመምጣቱ ይመስለዋል። ቁስል ካለበት ሌላ ውሻ ነክሶት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

13. ቀኑን፣ ስንት ደቂቃ እንደተንቀጠቀጠ፣ መብላት አለመብላቱን በማስታወሻ ይያዙ። ለሐኪሙም ለእርስዎም የመሻሻሉ ማስረጃ እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

«ይልመደው» ብሎ በዶፍ ውስጥ ውጭ መተው ከሁሉ የከፋው ነው። ውሻ በዚህ መንገድ አይለምድም፤ በየክረምቱ ፍርሃቱ እየበረታ ይሄዳል፤ በኋላም ዝናብ ብቻ፣ ከዚያም ነፋስ ብቻ ያስፈራው ይጀምራል። መምታትና መጮህም እንደዚሁ፤ ከሰማዩ ቁጣ ላይ የእርስዎን ጨመሩበት።

ጠላ ወይም አረቄ ማጠጣት መርዝ መስጠት ነው። የሰው የእንቅልፍ ክኒንም ሆነ ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡ፤ አይቡፕሮፌን በትንሹም ቢሆን ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ጆሮው ውስጥ ጥጥ መወተፍ ድምፁን እምብዛም አይቀንስም፤ ጥጡ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል።

ሌላው ስህተት ፍርሃትን ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ማምታታት ነው። በነጎድጓድ ጊዜ ምራቁ የሚዝረበረብና የሚንቀጠቀጥ ውሻ ሰማዩ ሲረጋጋ ቀስ በቀስ ወደ ጤናማ ጠባዩ ይመለሳል፤ «አበደ» ብለው የሚያስወግዱት ሰዎች ስላሉ ይህን ለጎረቤትም ያስረዱ። ዝናብ በሌለበትም ምራቁ ከፈሰሰ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ያገኘውን የሚነክስ ከሆነ ግን ማንም እንዳይነካው አድርገው ለይተው ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ክረምቱ ሲወጣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችት ይከተላል። ለርችትም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ እንዲያውም ይቀላል። ጳጉሜን ሲገባ መሸሸጊያውን ያጽዱ፣ የሬዲዮውን ባትሪ ይለውጡ፣ በዋዜማው ከመምሸቱ በፊት ያስገቡት፤ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ የግቢው በር ክፍት እንዳይቀር አንድ ሰው ይመድቡ።